ድንጉላው ለልጁ ምን ያወርሳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሰሞን ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ቤት የሚገቡ ናቸው። ሁሉም ስለ ዋርምብለድ ፈረሶች፣ ጠባይና ዝላይ ከየት እንደሚመጣላቸው ይጠይቃሉ። ለአዲስ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። ዋርምብለድ የሚለው ስም ሲተረጎም «ሞቃት ደም» ነው፣ የሰውነት ሙቀት ጉዳይ ግን አይደለም። በአንድ በኩል ዐረብና ቶሮብሬድ የሚባሉት ፈጣንና ቶሎ የሚግሉ ፈረሶች አሉ፣ በሌላ በኩል ከባድ ሸክም የሚጎትቱት ዝግተኞች። ዋርምብለድ በመሃል ያለው ነው፣ ለስፖርት ተብሎ ለብዙ ትውልድ የተመረጠ። ሆልሽታይነር፣ ሃኖቨሪያን፣ የኔዘርላንዱ ዋርምብለድ፣ የፈረንሳዩ ሴል ፍራንሴ ሁሉ እዚህ ይገባሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። የ9 ዓመት ባዝራ አለችኝ። 1 ሜትር ከ20 ትዘላለች፣ በጣም ረጋ ያለች ናት፣ ልጅ ቢጋልባትም አልሰጋም። ከአንድ ዋርምብለድ ድንጉላ ላስጠቃት ፈልጌ ሄጄ አየሁት። ዝላዩ ጉድ ያሰኛል። ጋጣው በር ላይ ስቆም ግን ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ ሊነክሰኝ መጣ። ባለቤቱ «ዝላዩን ለልጆቹ ይሰጣል፣ ጠባዩ ግን የራሱ ነው፣ አይወረስም» አለኝ። አሠልጣኜ ደግሞ «ዘር ከልጓም ይስባል፣ ተይው» አለኝ። ማንን ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁለቱ አሠልጣኝሽ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ግን ያየሽው ነገር ብቻውን ድንጉላውን ለመተው አይበቃም። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ የባለቤቱን ቃል እንይ። ዝላይን ከጠባይ ለይቶ ይሰጣል ማለት ዝላይ ምን እንደሆነ መርሳት ነው። አንድ ፈረስ 1 ሜትር ከ60 ለማለፍ ምን ያስፈልገዋል? የኋላ እግር ጉልበት ያስፈልገዋል። ከእንጨቱ ምን ያህል ርቆ መነሣት እንዳለበት መገመት አለበት። የፊት እግሮቹን ቶሎ ማጠፍ፣ ጀርባውን እንደ ቀስት ማጉበጥ፣ የኋላ እግሮቹን ከፍቶ ማሳለፍ አለበት። እስካሁን የቆጠርኩት የአካል ነገር ነው። ከዚያ በላይ ግን እንጨት መንካት የማይወድ መሆን አለበት፣ አይቶት የማያውቅ መሰናክል ፊት የማይደነብር መሆን አለበት፣ ጋላቢው ሲሳሳትም እንደገና ለመሞከር ፈቃደኛ መሆን አለበት። እነዚህ ሦስቱ ጠባይ ናቸው። ስለዚህ ድንጉላው ለልጁ ዝላይ ሰጠ ስንል ጠባይም አብሮ ሰጥቷል ማለታችን ነው፣ ሁለቱን በየፊናቸው የሚልክበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ውርሱ እንምጣ። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው። ውርንጭላው 32ቱን ከአባቱ፣ 32ቱን ከእናቱ ያገኛል። አባቱ ካለው ነገር የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። «የዝላይ ጂን» የሚባል አንድ ነገር ደግሞ የለም። ዝላይም ጠባይም ብዙ ጂኖች ትንሽ ትንሽ እያዋጡ የሚሠሯቸው ናቸው። የፀጉር ቀለም በጥቂት ጂኖች ስለሚወሰን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ድፍረትን እንደዚያ መገመት አይቻልም።

ታዲያ አባት ጠባይ እንደሚያወርስ በምን እናውቃለን? በጣም የምወደው ማስረጃ ይሄ ነው። አብዛኛው የስፖርት ውርንጭላ አባቱን አይቶት አያውቅም። የአባቱ ዘር ቀዝቅዞ ወይም እንደ በረዶ ደርቆ በሳጥን ተልኮ ነው የሚመጣው፣ እንዲያውም ድንጉላው ከሞተ ከዓመታት በኋላ የሚወለዱ ልጆች አሉ። እና ከተለያዩ እናቶች የተወለዱ፣ በተለያየ ቦታ በተለያየ ሰው እጅ ያደጉ የአንድ ድንጉላ ልጆች አዲስ ነገር ሲያዩ ተመሳሳይ ነገር ካደረጉ፣ ከአባታቸው ተምረውት ነው ሊባል አይችልም። በደም ነው የመጣው። ተመራማሪዎች ፈረሶችን አይተውት የማያውቁት ዕቃ ፊት አቁመው ድንጋጤያቸውን ሲለኩም የአባት ልዩነት ታይቷቸዋል።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የአንድ ድንጉላ ሦስት ልጆችን በተለያየ ጊዜ ይዣለሁ። እናቶቻቸው ዝምድና የላቸውም። ሦስቱም አዲስ ነገር ሲገጥማቸው ቀጥ ብለው ይቆሙ ነበር፣ ያሸቱታል፣ ከዚያ ያልፋሉ። አንዱም ዞሮ ሮጦ አያውቅም። ሦስት ፈረስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ግን ነገሩን ከልቤ መከታተል የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ነከሳው እንመለስ። እኛ አመልና ጠባይ የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉን፣ እዚህ ላይ በደንብ ይጠቅሙናል። ጠባይ አብሮ የሚወለድ ነው፣ አመል ኑሮ የሚያስለምደው። ብዙ ድንጉላ ብቻውን በጋጣ ይውላል። ሌላ ፈረስ መንካት አይችልም። ከበሩ የሚወጣው ለሥራ ወይም ለባዝራ ብቻ ነው። በዚህ ላይ የወንድነት ሆርሞኑ አለ። እንዲህ የሚኖር ፈረስ በሩን መጠበቅና ሰው መንከስ ቢለምድ አይገርምም፣ ያ አመል ነው፣ በዘር አይተላለፍም። የሚተላለፈው ከሥር ያለው ነው። ምን ያህል ቶሎ ይደነግጣል? ከደነገጠ በኋላ ምን ያህል ቶሎ ይረጋጋል? ጫና ሲበዛበት ይዘጋል ወይስ ይሠራል? ይህን ደግሞ ጋጣ በር ላይ ቆመሽ አታይውም። ከቤቱ ወጥቶ በማያውቀው ሜዳ ሲጋለብ እይው። እንጨት ከጣለ በኋላ ወደ ቀጣዩ መሰናክል እንዴት እንደሚሄድ እይ፣ ጋላቢው ርቀቱን ሲስት ምን እንደሚያደርግ እይ። ከአንድ ሺህ ንጹሕ ዝላይ ይልቅ አንድ የተበላሸ ዝላይ ብዙ ይነግርሻል።

አንድ ትልቅ ምሳሌ ልስጥሽ። ባሉቤ ዱ ሩዌ የሚባለው የሴል ፍራንሴ ድንጉላ፣ በብራዚላዊው ሮድሪጎ ፔሶዋ ጋላቢነት፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ1999 እና በ2000 የፈረስ ዝላይ የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በዚያው በ2000 ግን የሲድኒ ኦሎምፒክ ፍጻሜ ላይ መሰናክል ፊት እየቆመ አልዘልም አለና ከውድድር ወጣ። ያን ቀን ብቻ ያየ ሰው «ይሄማ ልቡ የለም» ሊል ይችል ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ አቴንስ ላይ ሁለተኛ ወጣ፣ ከዚያም የአንደኛው ፈረስ በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ሲሰረዝ ወርቁ ለእነሱ ሆነ። ነገሩ በዚህ አያበቃም። የባሉቤ ሴት ልጅ ቻኮ ብሉ ከሚባለው ድንጉላ ኤክስፕሎዥን ደብልዩን ወለደች። ኤክስፕሎዥን ደግሞ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ከእንግሊዛዊው ጋላቢ ቤን ማኸር ጋር የግል ወርቅ ወሰደ። አንድ መጥፎ ቀን የድንጉላን ዘር አይገልጽም፣ አንድ ጥሩ ቪዲዮም እንደዚያው።

ቁጥር የምትወጂ ከሆነ ይሄን ስሚ። አርቢዎች የውርስ መጠን የሚሉት ልኬት አለ፣ ከ0 እስከ 1 ነው የሚሄደው። በፈረሶች መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ በዘር የመጣ እንደሆነ ይናገራል። ያለ ጋላቢ ዝላይ በዳኞች ሲመዘን ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 አካባቢ ይገኛል። የውድድር ውጤት ግን ጋላቢው፣ ሥልጠናው፣ የሜዳው ሁኔታ ሁሉ ስለሚገባበት ከ0.1 እስከ 0.2 አካባቢ ይወርዳል። እስቲ እናስላው። ዳኞች ከ10 ይሰጣሉ፣ አማካዩ 7 ነው፣ ያየሽው ድንጉላ 9 አገኘ እንበል። ከአማካዩ በ2 ይበልጣል። የውርስ መጠኑ 0.3 ቢሆን ከሁለቱ ነጥብ በዘር ነው የምንለው 0.6 ነው። ለልጁ ግማሹን ስለሚሰጥ 0.3 ይቀራል። ባዝራሽም 9 ብታገኝ ሌላ 0.3 ታክይበታለሽ፣ ከእንደዚህ ዓይነት ጥንዶች የሚወለዱ ልጆች አማካይ 7.6 ይሆናል ማለት ነው። አንዱ 9 ይሆናል፣ ሌላው 6። ባለቤቱ «ለልጆቹ ይሰጣል» ያለሽን ቃል በዚህ መዝኚው።

ስለዚህ ድንጉላውን ካየሽ አይቀር ልጆቹን እይ። ብዙ ልጆች፣ ከተለያዩ ባዝራዎች። ባለቤቱ የመረጠልሽን ቪዲዮ ተይውና እንዳንቺ ያለ ተራ ጋላቢ የያዛቸውን ፈልጊ፣ ደውይላቸው፣ «ጠዋት ሲወጣ እንዴት ነው? ለሁለት ሳምንት ሳይጋለብ ቢቀርስ?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ድንጉላ የራሱን ማኅተም እንደሚያትም የሚታወቀው እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተወለደው ድንጉላ ኮር ደ ላ ብሪዬር በ1971 ከፈረንሳይ ሰሜን ጀርመን ወዳለው ሆልሽታይን ሲሄድ አርቢዎቹ ቶሎ ያወቁት ነገር የልጆቹን የፊት እግር አጣጠፍና የጀርባቸውን ጉብጠት ነበር። በዚያው ዘመን የቶሮብሬዱ የሌዲኪለር ልጅ ላንድግራፍ ደግሞ በጉልበት የሚታወቁ ልጆች ይሰጥ ነበር። አርቢዎች ይህን አይተው ነው የሁለቱን ደም ደጋግመው ያገናኙት። የኮር ደ ላ ብሪዬር ልጅ ኮራዶ ክሊንተንን ወለደ፣ ክሊንተን ደግሞ ዛሬ ስሙ በየቦታው የሚጠራውን ኮርኔት ኦቦሌንስኪን።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዝነኛ ድንጉላ ምርጥ ባዝራዎች ይመጡለታል፣ ልጆቹም ምርጥ ጋላቢ እጅ ይገባሉ። ስለዚህ የልጆቹ ውጤት ከራሱ ዘር በላይ ሊያሳምረው ይችላል። ይህን ለማስተካከል ነው የእርባታ ዋጋ የሚባለው ስሌት የመጣው። በጀርመን አማካዩ 100 ነው፣ 120 ያለው ድንጉላ ከብዙዎቹ በግልጽ ይበልጣል። ከዋጋው አጠገብ የአስተማማኝነት መቶኛ ይጻፋል፣ እሱንም አንብቢ። ጥቂት ልጆች ብቻ ያሉት ወጣት ድንጉላ ትልቅ ቁጥር ቢኖረው ቁጥሩ ነገ ሊወርድ ይችላል።

ባዝራሽን ደግሞ አትርሻት። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባል የለ። ግማሹ ዘር የእሷ ነው፣ 11 ወር በሆዷ ትይዘዋለች፣ ከዚያም ወራት ከጎኗ ይውላል። ሆልሽታይን ውስጥ የባዝራ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ቁጥር ተሰጥቷቸው በእናት በኩል የሚቆጠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ያንቺ ረጋ ያለች ናት፣ ይህ ከምንም በላይ ደስ ያለኝ ነገር ነው።

ፍርዴን ልንገርሽ። የልጆቹን ጋላቢዎች ጠይቂ። ሁለት ሦስቱ ሳይመካከሩ «ደንባራ ነው»፣ «ጫና አይችልም» ካሉሽ ዝላዩን እርሺው፣ አንቺ በየቀኑ የምትኖሪው ከጠባዩ ጋር ነው። «ትንሽ ሞቅ ይላል ግን ሐቀኛ ነው» ካሉሽ ከእንዳንቺ ዓይነት እርጋታ ካላት ባዝራ ጋር ጥሩ ሊሄድ ይችላል፣ እኔ ብሆን እሞክረው ነበር። ውል ሳትፈርሚ በፊት ግን የሁለቱንም የዘር ምርመራ ውጤት እይ። በዋርምብለድ ውስጥ ቆዳና መገጣጠሚያ የሚያላላ፣ ውርንጭላው እንዳይተርፍ የሚያደርግ ገዳይ የዘር ችግር አለ። ከ10 ዋርምብለድ አንዱ ገደማ ይሸከመዋል፣ ተሸካሚው ራሱ ጤነኛ ነው፣ አይታወቅበትም። ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ከሆኑ ከ4 አንድ ዕድል ውርንጭላው ይሞታል። ምርመራው በጥቂት ፀጉር ይሠራል፣ በዚህ ላይ አትቆጥቢ።

ጥያቄ፦ ወንድሙ ትልቅ ውድድር የሚዘል የ3 ዓመት ፈረስ ገዛሁ፣ በአባትም በእናትም አንድ ናቸው። ያለ ጋላቢ ሳዘልለው ግን እግሩን አያጥፍም፣ እንጨቱን ይጥላል። ተታለልኩ እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልተታለልክም፣ ግን ከወንድምነት የጠበቅከው ብዙ ነው። ሙሉ ወንድማማቾች ከወላጆቻቸው ዘር የሚጋሩት በአማካይ ግማሹን ነው። ያ ዕጣ ያልኩት ነገር ለእያንዳንዱ ልጅ እንደገና ይወጣል። ካሲኒ አንደኛና ካሲኒ ሁለተኛ የሚባሉት የሆልሽታይን ድንጉላዎች አባታቸው ካፒቶል፣ እናታቸው ዊስማ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው። አንደኛው በዓለም ላይ ትልቅ የዝላይ ዘር ጥሎ ሲያልፍ የሁለተኛው ስም ከእሱ ጋር አይስተካከልም።

አልዋሽህም፣ የ3 ዓመት ዝላይ ምንም አይናገርም አልልህም። ኔዘርላንድ ውስጥ ዋርምብለድ ውርንጭሎችን ገና በ6 ወራቸው አዝልለው የለኩ፣ በኋላም በ4 ዓመታቸው መልሰው የለኩ ተመራማሪዎች የአንዳንዱ ፈረስ አዘላለል ከልጅነቱ ጋር እንደሚመሳሰል አይተዋል። ግን በ3 ዓመቱ ገና እያደገ ነው፣ ኋላው ከፊቱ ከፍ ብሎ ሚዛኑ የሚጠፋበት ወቅት አለ፣ ጡንቻውም ገና ነው። ስለዚህ ከፍታውን ቀንስ። በወር ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ አዝልለው፣ አታሰልቸው። የእኔ ዓይን የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። እንጨቱን ከጣለ በኋላ በሚቀጥለው ዙር ምን አደረገ? ትንሽ ከፍ ብሎ ከተነሣ ግድ ይለዋል ማለት ነው፣ ያ ሊሠለጥን የሚችል ፈረስ ነው። ምንም ካልመሰለው፣ ደግሞ ደጋግሞ ከጣለው፣ ለትልቅ ዝላይ ላይሆን ይችላል፣ ለሌላ ሥራ ግን ግሩም ጓደኛ ሊሆን ይችላል። እስከ 5 ወይም 6 ዓመቱ ድረስ የመጨረሻ ቃል አትናገር። ከላይ የጠቀስኩት ኤክስፕሎዥን ወርቁን ሲወስድ 12 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄ፦ ባዝራዬ ገና በውድድር ላይ ስለሆነች ሽሏ ተወስዶ በሌላ ባዝራ ማኅፀን እንዲያድግ ወስነናል። ሽሉን እንድትሸከም የቀረበችልን ባዝራ ጤነኛ ናት፣ ግን ሰው ስታይ ትሸሻለች። ውርንጭላው የእሷን ጠባይ ይወስዳል?

መልስ፦ በዘር በኩል ከእሷ አንድ ነገር አይወስድም። ሽሉ ከ7 እስከ 8 ቀን ሲሆነው ነው የሚዘዋወረው፣ ጂኖቹ ያኔ ተወስነው አልቀዋል፣ የእርስዎ ባዝራና የድንጉላው ናቸው። ነገር ግን ከተወለደ በኋላ ዓለምን የሚያየው በእሷ ዓይን ነው። ሰው ሲገባ ጥግ ከያዘች እሱም ከጎኗ ጥግ ይይዛል። ይህ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ወር እንደሚደጋገም ያስቡት።

ደስ የሚለው፣ ይህ በእጅዎ ያለ ነገር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገ አንድ ሙከራ አለ። ውርንጭሎቹ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት እናቶቻቸውን በየቀኑ ለአጭር ጊዜ በቀስታ ቦረሹ፣ ውርንጭሎቹን አልነኩም፣ ልጆቹ ዝም ብለው አዩ። በኋላ እነዚያ ውርንጭሎች እናታቸው ካልተቦረሸችላቸው ይልቅ ሰውን ቶሎ ቀረቡ። እናቲቱ እየተረጋጋች ስትቦረሽ ማየት በቃቸው።

ስለዚህ ሌላ ተሸካሚ የመምረጥ ዕድል ካለ ረጋ ያለችውን ይውሰዱ። ከሌለ ይቺን ከአሁኑ ይያዟት፣ ከመውለዷ በፊት ወራት አሉዎት። በየቀኑ አንድ ሰው፣ ያው ሰው፣ ያው ሰዓት፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ አጠገቧ ይቁም፣ ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ ጀርባዋን ይቦርሽ። ከወለደች በኋላም በውርንጭላው ፊት ይቀጥል።